67 ኪሎ ብር ከወለል በታች፦ የስፒሊንግስ ድልብ የጉዳይ ጥናት፣ ከጅማ

ዕለቱ ዓርብ፣ እ.ኤ.አ. ጁላይ 16 ቀን 1999 ነበር። በባልቲክ ባሕር ላይ ባለችው የስዊድን ደሴት በጎትላንድ፣ ስሊተ ከምትባል አነስተኛ ከተማ ሰሜን ምዕራብ፣ ስፒሊንግስ በሚባል እርሻ ላይ አንድ የቴሌቪዥን ቡድን ስለ ቅርስ ዝርፊያ ዘገባ ሲቀርጽ ነበር። ማሳው ያለ ምክንያት አልተመረጠም፤ ቀደም ሲል የብር ሳንቲሞችና የነሐስ ቁርጥራጮች ወጥተውበታል። ቀረጻው አልቆ ጋዜጠኞቹ ሲሄዱ፣ አብረዋቸው የነበሩት አንድ አርኪዮሎጂስትና አንድ የሳንቲም ጥናት ፕሮፌሰር በብረት ጠቋሚ መሣሪያ ማሳውን ትንሽ ለማሰስ ወደኋላ ቀሩ። ብዙም ሳይቆይ መሣሪያው ጮኸ። ጥቂት ሰዓታት አልፈው ደግሞ፣ ከመጀመሪያው ሥፍራ ጥቂት ሜትር ርቆ፣ እንደገና ጮኸ።

ከሁለቱ ጉድጓዶች የወጣው ብር ከመጽዳቱ በፊት ሲመዘን 67 ኪሎ ሆነ። ሳንቲሞቹ ብቻ 14,295 ናቸው። ከእነርሱ ሌላ 486 የብር አምባሮች ተገኝተዋል፤ ብዙዎቹ በክብደት ተመዛዝነው በእስር በእስር የተጠፈሩ ነበሩ። በአጠገባቸው በተገኘ ሦስተኛ ጉድጓድ ውስጥ ደግሞ ከ20 ኪሎ የሚበልጥ ስብርባሪ ነሐስ ነበር። ከቫይኪንጎች፣ ማለትም ከጥንቶቹ የሰሜን አውሮፓ ባሕረኛ ነጋዴዎችና ወራሪዎች፣ ዘመን በአንድ ቦታ ተቀብሮ ከተገኘ ብር ይህን የሚያህል በዓለም ላይ የለም። ዛሬ በደሴቲቱ ዋና ከተማ በቪስቢ፣ በጎትላንድ ሙዚየም ለሕዝብ ይታያል። ጎትላንድ ወደ 60 ሺህ ሕዝብ የሚኖርባት ደሴት ናት፤ የጅማ ከተማ ብቻዋን ከዚያ እጅግ ትበልጣለች። ሀብቱ ከወጣበት ማሳ በቅርብ ርቀት፣ በአውራጃ ከተማ ሙዚየም ውስጥ መቀመጡ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው።

ጅማ ውስጥ ታሪክ አስተምራለሁ። ይህን ጉዳይ ለተማሪዎቼ በተደጋጋሚ አንሥቼዋለሁ፤ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚጠይቁኝ «ስንት ያወጣል?» ብለው ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱም ከታች ይመጣል። ነገር ግን የስፒሊንግስ ብር ያን ያህል የሚናገረው 67 ኪሎ በመሆኑ አይደለም። ሳይበታተን፣ ከተቀበረበት ሥፍራ ጋር፣ ከነባልንጀሮቹ በመገኘቱ ነው። እኛ ዘንድ በየቤቱ ሣጥን ውስጥ ላለው ጠገራ ብር ይህ ነገር ከጎትላንድም ይልቅ ይብሳል። የምጽፈውም ለዚህ ነው።

ብሩ ከየት መጣ

ጎትላንድ የብር ማዕድን የላትም። ከ14 ሺህ የሚበልጡት ሳንቲሞች በአብዛኛው የእስልምናው ዓለም የብር ገንዘብ የነበሩ ድርሃሞች ናቸው። የተመቱት በባግዳድና ከዚያም ወደ ምሥራቅ እስከ መካከለኛው እስያ ባሉ ከተሞች ሲሆን፣ እያንዳንዱ ክብደቱ 3 ግራም ቢጠጋ ነው። በቮልጋና በሌሎች የምሥራቅ አውሮፓ ወንዞች ላይ በሚቀዝፉ ነጋዴዎች እጅ ወደ ሰሜን ተሻገሩ። በለውጡ ወደ ደቡብ የሄደው በዋናነት የእንስሳት ጸጉር ቆዳና ባሪያ ነው። ከደሴቲቱ እስከ ዛሬ ከ700 በላይ የቫይኪንግ ዘመን የብር ድልቦች (አንድ ላይ የተቀበሩ ክምችቶች) ወጥተዋል፤ ስፒሊንግስ የሁሉም ትልቁ ነው።

እዚህ ላይ የጅማ ሰው ከስቶክሆልሙ ተመልካች የሚቀድምበት ነገር አለ። ድርሃም ንጉሥም አውሬም አልተሣለበትም፤ ጽሑፍ ብቻ ነው። በመካከሉ «ላ ኢላሃ ኢለላህ ወሕደሁ ላ ሸሪከ ለሁ» (ከአላህ በቀር አምላክ የለም፣ ብቻውን ነው፣ ተጋሪም የለውም) ይላል። በዙሪያው ደግሞ በአላህ ስም ይህ ድርሃም በእገሌ ከተማ፣ በእገሌ ዓመተ ሒጅራ ተመታ ይላል። ፊደሉ ነጥብ የሌለው ኩፊ የሚባል የጥንት ዓረብኛ አጻጻፍ ስለሆነ ለማንበብ ጥቂት ያስቸግራል እንጂ ቃላቱን በጅማ መስጊዶች ሥር ቁርኣን የቀራ ልጅ ሁሉ ያውቃቸዋል። ፎቶግራፉን ለተማሪዎቼ ሳሳይ ከመካከላቸው አንዷ ጣቷን በጽሑፉ ላይ እያስኬደች ጮክ ብላ አነበበችው። ከሺህ ዓመት በላይ በስዊድን መሬት ሥር የቆየ ብር እዚህ አንባቢ አላጣም።

ከክምችቱ ውስጥ አንዱ ሳንቲም በተለይ ስሙ ገንኗል። «ሙሐመዱን ረሱሉላህ» (ሙሐመድ የአላህ መልእክተኛ ነው) መባል በሚገባው ቦታ «ሙሳ ረሱሉላህ» (ሙሴ የአላህ መልእክተኛ ነው) ይላል። ይህ ሳንቲም ለብቻው በአንድ የጥንት ዕቃ ነጋዴ ሱቅ ቢገኝ ኖሮ ሐሰተኛ ነው፣ ወይም ቀራጩ ተሳስቷል ተብሎ ይጣል ነበር። ግን ከየት እንደወጣ፣ ከማን ጋር እንደተቀበረ በሺህ የሚቆጠሩ ምስክሮች አሉት። «የኻዛሮች ምድር» የሚል ጽሑፍ ካላቸው ሌሎች ሳንቲሞች ጋር ማኅተሙ ተነጻጽሮ እ.ኤ.አ. በ830ዎቹ መጨረሻ ገደማ በኻዛር መንግሥት የተመታ መሆኑ ታወቀ። ከካስፒያን ባሕር በስተ ሰሜን የነበሩት የኻዛር ገዢዎች የአይሁድን ሃይማኖት መቀበላቸው በጽሑፍ ይነገር የነበረ ነገር ነው፤ አሁን በራሳቸው ገንዘብ ላይ ታየ። ለዚህ ማስረጃ የሆነው 3 ግራም ያህል ብር ነው።

የመጨረሻው ሳንቲም

የተቀበረ ገንዘብ ዕድሜው የሚለካው በጥንታዊው ሳንቲም አይደለም፤ በመጨረሻው ነው። ሰው የአያቱን ገንዘብ ከዛሬው ጋር ቀላቅሎ ሊቀብር ይችላል፤ ገና ያልተመታ ገንዘብ ግን ማንም ሊቀብር አይችልም። ከስፒሊንግስ ሳንቲሞች የኋለኛው የተመታው እ.ኤ.አ. በ870 ወይም በ871 ነው። ስለዚህ ድልቡ መሬት የገባው ከዚያ ዓመት በፊት ሊሆን አይችልም። 14 ሺህ ሳንቲም ተቆጥሮ፣ ዓመቱን የወሰነው ከጫፍ ያለው ነው።

አሁን በምሽት መሣሪያ ይዞ ማሳው ላይ የሚመጣ ሰው እናስብ። ሦስት መቶ ሳንቲም አፍሶ ቢሄድ 13,995 ይቀራል፤ ሙዚየሙም አሁን ካለው ያነሰ አይመስልም፣ ጎብኚም ልዩነቱን አያይም። ነገር ግን ከሦስት መቶዎቹ መካከል የመጨረሻው ዓመት ሳንቲም ቢኖርበት፣ የቀረው ሁሉ በአሥርና በሃያ ዓመት የተሳሳተ ታሪክ ይናገራል፤ መሳሳቱንም ማንም አያውቅም። ዝርፊያ ከሚወስደው ይልቅ የተወውን ማበላሸቱ ነው የሚያስቆጨኝ።

የሥፍራውም ነገር እንዲሁ ነው። ባለሙያዎች በማሳው ላይ ቁፋሮውን ሲቀጥሉ ብሩና ነሐሱ የተቀበሩት ሜዳ ላይ እንዳልነበረ ተረዱ፤ ከአንድ ሕንፃ ወለል በታች ነበሩ። ይህ ሲታወቅ የጉዳዩ መልክ ይለወጣል። ጠላት ሲመጣበት ሮጦ ጫካ ውስጥ ቀብሮ የጠፋ ሰው ሳይሆን፣ ከቤቱ ወለል ሥር እየከፈተ የሚጨምር፣ የሚያወጣ፣ አምባሩን በክብደት እያሰረ የሚያስቀምጥ ባለቤት ይታየናል። በዚያ ዘመን በሰሜን አውሮፓ ብር የሚሰላው በሚዛን ነበር፤ ሳንቲሙም አምባሩም ቁርጥራጩም ሚዛን ላይ እኩል ነው። ነሐሱም ሊቀልጥ የተጠራቀመ ስብርባሪ ነው። ይህን ሁሉ የነገሩን ሳንቲሞቹ አይደሉም፤ አፈሩ ነው።

ከእኛም አገር እንዲህ ያለ ምሳሌ አለ። እ.ኤ.አ. በ1940 በደብረ ዳሞ ከመቶ በላይ የኩሻን ነገሥታት የወርቅ ሳንቲሞች ተገኝተዋል። የኩሻን መንግሥት በሰሜን ሕንድና በአፍጋኒስታን አካባቢ የነበረ ነው። ከደብረ ዳሞ መውጣታቸው ባይታወቅ፣ አንድ ላይ ባይሆኑ ኖሮ፣ ከመቶዎቹ አንዱም ስለ አክሱምና ሕንድ ንግድ ቃል አይናገርም ነበር።

ጠገራ በጅማ

ዳግማዊ አባ ጅፋር እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 ጅማን ሲገዙ፣ ከጅሬን ቤተ መንግሥታቸው በታች ያለው የሂርማታ የሐሙስ ገበያ የደቡብ ምዕራብ ንግድ መናኸሪያ ነበር። ቡናው፣ ዝባዱ፣ የዝሆን ጥርሱ፣ ወርቁ በዚህ ያልፍ ነበር። ባሪያም ይሸጥበት ነበር፤ ይህን መሸፋፈን አይገባም፣ የጎትላንድም ብር የጅማም ጠገራ የሰው ዋጋ ተከፍሎባቸዋል። ለእነዚህ ሁሉ በመለሻው የሚመጣው ብር ደግሞ የኦስትሪያዋ ንግሥት የማርያ ቴሬዛ መልክ ያለበት ጠገራ ነው። ለትንሽ ለትንሹ መገበያያ አሞሌ ጨው ነበር።

ጠገራው ክብደቱ 28.07 ግራም፣ ንጥረ ብሩ ከሺህ 833 ነው። በአንድ ገጹ የንግሥቲቱ ምስል፣ በሌላው ባለ ሁለት ራስ ንስር አለ። ጎትላንዶች ብሩን ሲመዝኑ፣ የእኛ ነጋዴዎች መልኩን ይመረምሩ ነበር። በንግሥቲቱ ትከሻ ላይ ባለው ጌጥ ዙሪያ ያሉት ዶቃዎች ተቆጥረው ካልሞሉ፣ ወይም ተፍቀው ከደበዘዙ፣ ብሩ ሙሉ ክብደት ቢኖረውም አይቀበሉትም ነበር።

ችግሩ እነሆ። ድርሃም የተመታበትን ከተማና ዓመት ራሱ ይናገራል። ጠገራ ግን ሁልጊዜ 1780 ነው የሚለው። ንግሥቲቱ የሞተችው በዚያ ዓመት ስለሆነ፣ ከዚያ በኋላ የተመታው ሁሉ ያንኑ ዓመት እንደያዘ ቀጠለ። እ.ኤ.አ. በ1858 በኦስትሪያ ሕጋዊ ገንዘብነቱ ቀርቶም ለውጭ ንግድ መመታቱ አላቋረጠም። ኢጣሊያ ኢትዮጵያን ለመውረር ስትዘጋጅ እ.ኤ.አ. በ1935 ማኅተሙን ከኦስትሪያ ተቀብላ በሮም መምታት ጀመረች። ለንደን እ.ኤ.አ. በ1936 ተከተለች፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ቦምቤይም መታች። ሁሉም 1780 ነው የሚሉት። በ1937 ዓ.ም. አዲሱ የኢትዮጵያ ገንዘብ ሲወጣ ጠገራ ከሕጋዊ መገበያያነት ወረደ፤ በየቤቱ ሣጥን ውስጥ ግን ቀረ።

እነዚህን ምቶች መለየት አይቻልም ማለት አይደለም። የጌጡ ዶቃዎች ብዛትና አሰዳደር፣ የንስሩ የጅራት ላባ፣ በሳንቲሙ ጠርዝ ላይ «ፍትሕና ምሕረት» የሚለው የላቲን ጽሑፍ መካከል ያሉት ጌጦች ከማምረቻ ማምረቻ ይለያያሉ። በአጉሊ መነጽር የሚያይ ባለሙያ የሮሙን ከቪየናው ይለየዋል። ስለዚህ በጅማ ዙሪያ አንድ ማድጋ ሙሉ ጠገራ ቢወጣ፣ የመጨረሻው ሳንቲም ደንብ እዚህም ይሠራል። ሁሉም የ19ኛው ክፍለ ዘመን ምት ከሆኑ የአባ ጅፋር ዘመን ነጋዴ ቅሪት ሊሆን ይችላል። ከመካከላቸው አንድ የሮም ምት ካለ ግን ማድጋው እ.ኤ.አ. ከ1935 በፊት አልተቀበረም፤ ነገሩ የገበያ ብልጽግና ሳይሆን የወረራው ዘመን ሽብር ሊሆን ይችላል። ያንን አንዱን አውጥቶ ቀለበት ያሠራበት ሰው የማድጋውን ዓመት አብሮ አቅልጦታል።

በገበያው አካባቢ ከማውቃቸው አንድ አንጋፋ ብር ሠሪ ዘንድ አልፎ አልፎ እቀመጣለሁ። አንድ ቀን አንዲት እናት በመሐረብ ቋጥረው ሦስት ጠገራ አመጡ። ብር ሠሪው አንዱን አንሥተው በጥፍራቸው ጠርዙን ዳሰሱ፤ ድንጋይ ላይ ጥለው ድምፁን አዳመጡ፤ ከዚያ ሚዛናቸው ላይ አኖሩት። ከሦስቱ አንዱ ጀርባው ላይ ጥቁር የጨርቅ ቅርጽ ነበረበት። ለረጅም ጊዜ በጨርቅ ተጠቅልሎ የቆየ ብር የያዘው አሻራ ነው፤ የሽመናው ክር ሳይቀር ይታያል።

«እማማ፣ ከየት ያገኟቸው ናቸው?» አልኳቸው።

«ከእናቴ ሣጥን፣ ልጄ። እናቴ ደግሞ ቤት ሲሠራ ከመሬት ያወጡት ነው ትል ነበር።»

«ሌሎቹስ?»

«ወንድሞቼ ተካፈሉት። ማን ቆጠረው!»

ብር ሠሪው በዚህ መካከል ጥቁሩን በአመድና በሎሚ ፈትገው አጽድተውታል። አምባር እንዲሆን ነበር የመጣው። እማማ ለልጃቸው ልጅ ሠርግ ጌጥ ማሠራታቸው መብታቸው ነው፤ እርሳቸውን የምወቅስበት ነገር የለኝም። ብር ሠሪውም ሙያቸውን ሠሩ። ግን የት ቤት፣ በየትኛው ሠፈር፣ በምን ዕቃ ውስጥ፣ ስንት ሆኖ የሚለውን በዚያ ጠዋት የሚጽፍ ሰው አልነበረም፤ ለመጻፍም የሚፈጀው አንድ ገጽ ነው።

ወሮታው

ወደ ተማሪዎቼ ጥያቄ ልመለስ፤ ስንት ያወጣል? የስዊድን ሕግ መልሱን በቁጥር አስቀምጦታል። የወርቅና የብር ግኝት ያገኘ ሰው ለመንግሥት የማቅረብ ግዴታ አለበት፤ መንግሥትም የሚከፍለው ከብረቱ የክብደት ዋጋና ከዚያ ላይ ከስምንት አንድ ጭማሪ ማነስ አይችልም። ተጨማሪ ወሮታ ሊሰጥም ይችላል። ያቺ ከስምንት አንድ ቁራሽ በጣም ብልህ ናት፤ ሰውየው ለአቅላጭ ቢሸጠው ከሚያገኘው በላይ በሕጋዊው መንገድ ያገኛል ማለት ነው። የስፒሊንግስ ባለመሬት ከ2 ሚሊዮን የስዊድን ክሮና በላይ ተከፍሎታል። በሌላ በኩል በስዊድን ያለ ፈቃድ ብረት ጠቋሚ መሣሪያ መጠቀም ክልክል ነው። ሕጉ ሌባውን ይከለክላል፣ ገበሬውን ይክሳል፤ ሁለቱ አብረው ካልሄዱ አንዱ ብቻውን የሚያዋጣ አይመስለኝም።

የእኛም አገር ሕግ ዝም አላለም። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209 በግንባታ፣ በመንገድ ሥራ ወይም በሌላ አጋጣሚ ቅርስ ያገኘ ሰው ወዲያውኑ ለሚመለከተው ባለሥልጣን እንዲያስታውቅ፣ እስኪረከቡትም ድረስ እንዳለ እንዲጠብቀው ያዝዛል። ላስረከበው ሰውም ተገቢ ወሮታ እንዲሰጠው፣ ያወጣው ወጪ እንዲተካለት ይደነግጋል። «ተገቢ» የሚለው ግን ገበያ መሐል ላለ ሰው አይጨበጥም። ብር ሠሪው ዋጋውን በግራም ወዲያው ይነግረዋል። መንግሥትም በግራም ሊነግረው ይገባል ባይ ነኝ፤ የብሩ የዕለቱ ዋጋ እና ከላዩ የተወሰነ ጭማሪ ተብሎ በመመሪያ ቢጻፍ፣ ከጅማ ገጠር የሚመጣ ገበሬ የሚያሰላው ነገር ያገኛል።

እዚህ የሚሠራ ነገር

የጅማ ሙዚየም በዋናነት የሚታወቀው በአባ ጅፋር መገልገያ ዕቃዎች ነው። እነዚያ ዕቃዎች የንጉሡን ቤት ያሳያሉ። የሐሙስ ገበያውን፣ ያ ሁሉ ቡናና ዝባድ የተለወጠበትን ገንዘብ የሚያሳየው ግን ከተራ ቤት የሚወጣው ጠገራ ነው። ለዚህ ወርቃማ የመስታወት ሣጥን አያስፈልግም። አንድ መዝገብ፣ አንድ የወጥ ቤት ዲጂታል ሚዛን፣ ካሜራ ያለው ስልክ ይበቃል። ባለቤቶች ንብረታቸውን ሳይለቁ ሊያስመዘግቡ ይችላሉ፤ ብሩ ወደ ቤቱ ይመለሳል፣ ታሪኩ በመዝገቡ ይቀራል። ብር ሠሪዎችም በዚህ ሥራ ተባባሪ ሊሆኑ ይገባል። ከማንም በፊት ጠገራውን የሚያዩት እነርሱ ናቸው፤ ከማቅለጣቸው በፊት ሁለቱን ገጽና ጠርዙን ፎቶግራፍ ለማንሣት አይከብዳቸውም።

ቤት ሲሠራ ወይም ማሳ ሲታረስ ብር የወጣለት ሰው መጀመሪያ ማድረግ ያለበት ቁፋሮውን ማቆም ነው። ማድጋው ወይም ገንቦው ቢሰበርም ስባሪው አይጣል፤ ጨርቅ፣ ቆዳ፣ እንጨት ካለበት እርሱም አብሮ ይቀመጥ። በሎሚ፣ በአመድ፣ በጥርስ ሳሙና አይታጠብ። ከዘመድ ጋር ከመካፈል በፊት ይቆጠር፤ ቁጥሩ፣ ቀኑ፣ ቀበሌው፣ ጥልቀቱ፣ በቦታው የነበሩት ሰዎች ስም በወረቀት ይጻፍ። ከዚያ ለአካባቢው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት በጽሑፍ ያመልክት፤ ደብዳቤው በሁለት ቅጂ ተዘጋጅቶ በአንዱ ላይ የገቢ ማኅተም ይመታበት። ባለሥልጣኑ በስድስት ወር ውስጥ ተገቢውን እርምጃ ካልወሰደ፣ አዋጁ ባለግኝቱ ዝርዝሩን ለሚመለከተው የክልል ባለሥልጣን በጽሑፍ አሳውቆ ከኃላፊነት ነፃ እንዲሆን ይፈቅድለታል። የገቢ ማኅተም ያለበት ቅጂ የሚያስፈልገው ያን ጊዜ ነው።